ወንፊቱና የእናቴ ቋጠሮዎች

እጄ አያርፍም። የተዘጋ ካየሁ እከፍታለሁ፣ የተቋጠረ ካየሁ እፈታለሁ፣ የተዘበራረቀ ካየሁማ ሳላስተካክለው ውዬ አላድርም። እናቴ ይህን ጠባዬን ለጎረቤት ስታማ፣ ሬሳ ሳጥን ውስጥ ብገባ እንኳ ተነሥቼ ክዳኑን የማስተካክል ነኝ ትላለች። ታናሽ እህቴ የኔ ተቃራኒ ናት። ያስቀመጠችውን አትነካካም፣ የያዘችውን ነገር በሆዷ ይዛ ዓመት ትከርማለች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው።

እንጀራዬም ከዚሁ ከጠባዬ ነው። መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል እሠራለሁ። ሰው በመስኮቱ በኩል የካርድ ቁጥሩን ይነግረኛል፣ እኔ ከመደርደሪያው መዝዤ አወጣለሁ። ቁጥሩን የያዘ ሰው ከመጣ ደስ ይለኛል። የሚያናድዱኝ ከገጠር መጥተው ቁጥሩን የማያውቁት ናቸው። ያ በረዶ ሰብሉን ያጠፋው ዓመት የወጣ ካርድ ነው ይሉኛል፤ ወይም የበኩር ልጄ ኩፍኝ የያዘው ጊዜ። እኔም አንድ ቀን አንድ ሽማግሌን፣ አባባ፣ ካርድ በበረዶ አይፈለግም ብዬ መልሻቸዋለሁ። ወረፋ ላይ የነበረው ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ያን ቀን ትክክል የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

እህቴ ዓረብ አገር ከሄደች ሰባት ዓመቷ ነው። በየሳምንቱ እሑድ ትደውላለች። የምትቀርበት ሳምንት ቢኖር እንኳ በድምፅ መልእክት፣ ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው ትላለች። ባለፈው መስከረም ግን ጠፋች። አንድ እሑድ፣ ሁለት እሑድ፣ ሦስት እሑድ። መጀመሪያ ኔትወርኩን ረገምኩ። የኛ አገር ኔትወርክ እንደ ልቡ ነው፣ ሲፈልግ ሳምንት ይጠፋል። እሱ ሲመለስ ግን የሷ ስልክ አልተመለሰም። ጥቅምት አለቀ፣ ኅዳር ገባ፣ የነቢያት ጾም ተያዘ፣ ስልኳ አሁንም ዝግ ነው።

ሰው ሲጨንቀው ቁጭ ይላል፤ እኔ ሲጨንቀኝ እነሣለሁ። ቤት ውስጥ ስልኬን ይዤ ከክፍል ክፍል እዞራለሁ። ከደጅ እወጣለሁ፣ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ወጥቼ መስመር እፈልጋለሁ፣ ነፋሱ ነጠላዬን ሲገፍፈኝ እመለሳለሁ። ሥራ ላይም እጄ መሳት ጀመረ። የአንዷን ነፍሰ ጡር ካርድ ለሌላ ሴት ሰጠሁ። ደግነቱ ነርሷ ቀድማ አየችው። አለቃዬ ጠርቶ አልተቆጣኝም፤ ይልቅ የቀረሽን የዓመት ፈቃድ ውሰጂና አምስት ቀን እረፊ አለኝ። እረፊ ይለኛል! እኔን እረፊ ማለት የተራበን ሰው ከማዕድ ማስነሣት ነው።

እናቴ ደግሞ በዚያው ሳምንት ወደ ወረኢሉ መንገድ ነበረባት። የእህቷ ልጅ ወልዳ አራስ ጥየቃ ነው። የልጇ ድምፅ ጠፍቶ እንዴት መንገድ ታስባለች ብዬ ነበር። እሷ ግን አራስ አይቀርም አለች፣ ትንሿን ሞባይሏን በመቀነቷ ሸጉጣ፣ የአጥሚት እህሏን አዝላ በማለዳው አውቶቡስ ሄደች። ሦስት ቀን እቆያለሁ አለችኝ። ቤቱና እኔ ብቻችንን ቀረን።

በመጀመሪያው ቀን እስከ ቀትር ድረስ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ ሁሉ አለቀ። መጋረጃ አጠብኩ፣ ምድጃውን አደስኩ፣ ቁምሳጥኑን ከግድግዳው አርቄ ከኋላው ጠረግኩ፣ መልሼ ገፋሁት። ከዚያ ጓሮ ወጥቼ የምጥለው ነገር ስፈልግ አሮጌው ወንፊት አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ አየሁት። ከአንድ ወገን ሽቦው ተቀዷል፣ የቀረው ደህና ነው። አንድ ጊዜ ስልኬ ላይ ያየሁት ቪድዮ ትዝ አለኝ፤ አንዲት ሴት በሽቦ መረብ ላይ የጆሮ ጌጦቿን ጥንድ ጥንዱን ደርድራ ግድግዳ ላይ ሰቅላ ነበር። የኔ ጉትቾች ደግሞ በአንድ የቅባት ቆርቆሮ ውስጥ እርስ በርስ ተቆላልፈው ነው የሚኖሩት። አንዱን ስፈልግ አምስቱ ተያይዘው ይመጣሉ። ይህን ያህል ጊዜ እንዴት እንደታገሥኩት ገረመኝ።

ወንፊቱን በሳሙና አጠብኩት። በሽቦው ቀዳዳዎች የደረቀውን የዓመታት ዱቄት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኩ። የተሰበረ ጃንጥላ ነበረን፤ ሸራውን ገፍፌ የብረት ዘንጎቹን አወጣሁ፣ በፒንሳ እየቆረጥኩ፣ ጫፋቸውን እያጠፍኩ መንጠቆ አደረግኳቸው። የአምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ቁመቱን ሰንጥቄ፣ ጠርዙ እጅ እንዳይቆርጥ በሻማ እሳት አለስልሼ ከወንፊቱ ሥር በሽቦ አሰርኩት፤ የአምባር ማስቀመጫ ይሆናል ብዬ ነው። ለቀለበት ከእንቁላል ካርቶን ስድስት ጉድጓድ ቆረጥኩ። ሽቦው የተቀደደበትን ቦታም አልጣልኩትም፤ የአንገት ሐብል ማሳለፊያ ሆነ። ስጨርስ ምስማር መትቼ ከአልጋዬ ፊት ለፊት ሰቀልኩት።

አማረብኝ። ችግሩ የኔ ጌጥ ሁሉ ተሰብስቦ አንዲት ጥግ ብቻ ያዘ። ሰባት ጥንድ ጉትቻ፣ ሁለት ሐብል፣ ከነዚያም ላይ ባል የሌላቸው ሦስት ነጠላ ጉትቾች። የቀረው መንጠቆ ሁሉ ባዶውን አፍጥጦ ያየኛል። ባዶ መንጠቆ ማየት አልወድም። ሻይ አፍልቼ ልጠጣ ተቀመጥኩ፣ ሳልጠጣው ተነሣሁ። የእናቴ ሙዳይ ትዝ ብሎኝ ነበር።

እህቴ ሰው በመጣ ቁጥር ለእናታችን ትንንሽ ጌጥ ትልካለች። ወርቅ ቅብ ጉትቻ፣ የሚያብለጨልጭ አምባር፣ የጸጉር መያዣ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ቃጭል ያለው የእግር አልቦ። እናቴ አልቦውን አይታ፣ በስተርጅና ፍየል ልታደርገኝ ነው ብላ ሁለት ቀን ስቃለች። የሚገርመው አንዱንም አድርጋ አታውቅም። እያንዳንዱን በጨርቅ ቁራጭ ትቋጥርና በሙዳይዋ ውስጥ ትከታለች፣ ሙዳይዋን በሳጥን ትቆልፋለች። የሳጥኑን ቁልፍ ደግሞ እዚያው በሳጥኑ እጀታ ላይ ታንጠለጥለዋለች። ሌባ ቁልፉን አይቶ የሚያፍር ይመስላታል።

ከፈትኩት። አሥራ ዘጠኝ ቋጠሮ ነበር። አልጋው ላይ ዘረገፍኩት። አንዱ በአበባ ጨርቅ፣ አንዱ በጥቁር፣ አንዱ በአረንጓዴ፣ ሌላው በሻሽ ቁራጭ የተቋጠረ። አንዱ ቋጠሮ ውስጥ ጉትቻ ከቀለበት ጋር አለ፣ ሌላው ውስጥ አንድ አምባር ብቻ፣ ሌላው ውስጥ ጉትቻ ከሰዓት ጋር። ምን ዓይነት ዝብርቅ ነው ብዬ ብቻዬን አጉረመረምኩ። ከዚያ መፍታት ጀመርኩ።

እውነቱን ልናገር፣ ከመስከረም ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሦስት ሰዓት ያህል ከአንድ ቦታ ሳልነሣ ቆየሁ። ጉትቻ ከጉትቻ፣ ቀለበት ከቀለበት፣ አምባር ከአምባር። እህቴ አጠገቤ የተቀመጠች መሰለኝ። አንድ ቋጠሮ ብቻ አስቸገረኝ። ሁለቴ ሦስቴ የተቋጠረ፣ በጊዜ ብዛት እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነበር። በጥርሴ ሞከርኩት፣ እንቢ አለ። መቀስ አምጥቼ ከመሃሉ ቆረጥኩት። ከውስጡ ቀጭን የብር ቀለበት ወጣ፤ ፊቱ ላይ ትንሽ መስቀል አለበት። የእናቴ የልጅነት ይሆናል አልኩ። ብቻዋን ጥቁር ብላ ስላሳዘነችኝ በአመድ ፈትጌ አጸዳኋትና በትንሿ ጣቴ አጠለቅኳት። ልክ ሆነች።

ጨርቆቹ ተረፉኝ። እኔ ደግሞ ትርፍ አልጥልም። የወንፊቱ የእንጨት ዙሪያ ሸካራ ነበር፣ ስንጥሩ ሐብል ይይዛል። ቁራጮቹን ጫፍ ለጫፍ ሰፍቼ እንደ መቀነት አስረዘምኳቸውና ዙሪያውን ጠቀለልኩበት። የተቆረጠው የቀለበቱ ጨርቅ ሁለት ቁራጭ ስለሆነ አንዱን በላይ፣ አንዱን በታች አገባሁት። ቀለም ከቀለም እንዲያምር ነው እንጂ ሌላ አሳብ አልነበረኝም።

በማግሥቱ ጎረቤታችን መጣች። ከሁለት ዓመት በፊት እህቴ ካለችበት አገር ተመልሳ ሱቅ የከፈተች፣ አፏ ጣፋጭ የሆነ እስላም ሴት ናት። ወንፊቱን አይታ ማሻአላህ አለች፣ ለሱቋ አንድ እንድሠራላት ጠየቀችኝ። ከዚያ ጠጋ ብላ በዓይኗ ስትፈልግ ቆየች። እኔ ለእናትሽ ያመጣሁላቸው ሰዓት የታለ አለችኝ። ከአምባሮቹ ጋር ነው፣ እዚያ ጀሪካኑ ውስጥ አልኳት። አየችውና፣ እኔ እንኳ በራሴ ሻሽ ጠቅልዬ ነበር የሰጠኋቸው አለች። ቅር ያላት መሰለኝ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ስትወጣ ትከሻዬን መታ አድርጋ፣ አብሽሪ፣ ኢንሻአላህ ትደውላለች አለችኝ።

እናቴ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ገባች። ከአውቶቡሱ የመጣ አቧራ ሽፋሽፍቷ ላይ ነበር። ሞባይሏን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ ፊቷን አይቼ እህቴ አለመደወሏን አወቅሁ። በርጩማ ላይ አስቀመጥኳትና የእጅ ውኃ ላፈስላት ማንቆርቆሪያውን አነሣሁ። ወንፊቱን በኋላ አሳይቼ ላስደንቃት ነው አሳቤ። ውኃውን እያፈሰስኩ እጇን ስታሽ ቆየችና ድንገት ቀጥ አለች። ውኃው በጣቶቿ መሃል እየፈሰሰ እሷ የኔን ጣት ታያለች።

"ይህን ከየት አመጣሽው?"

ከሙዳይሽ አልኳት። በኩራት ነው ያልኩት፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሙዳይዋን ልታይ ተነሥታ ገባች። ወንፊቱ ፊት ቆመች። እኔ ከኋላዋ ሆኜ ጉትቻው እዚህ፣ ቀለበቱ እዚህ፣ አሁን የፈለግሽውን ብድግ አድርገሽ ማጥለቅ ነው እያልኩ አወራለሁ። እሷ፣ ከነዚህ ውስጥ መጀመሪያ የመጣው የቱ ነው አለችኝ። አላውቅም አልኳት። አባትሽ በሞተ ጊዜ የመጣውስ አለችኝ። እሱንም አላውቅም። "እኔም ከእንግዲህ አላውቅም" አለችና ሄዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ያን ቀን ነው እንዴት እንደምትጽፍ የገባኝ። ሰው ከእህቴ ዘንድ በመጣ ቁጥር እናቴ ጌጡን የምትቋጥረው በዚያ ሰሞን ቤታችን ውስጥ በተቀደደ ልብስ ቁራጭ ነው። ጥቁሩ አባቴ በሞተበት ዓመት የለበሰችው ከል ነው። አረንጓዴው እኔ ደሴ ኮሌጅ ስማር የለበስኩት ቀሚስ ነው፤ ስፈታው አላወቅሁትም። የአበባው የድሮ መጋረጃችን ነው፣ ቤቱ ቆርቆሮ የለበሰ ጊዜ የወረደው። ሻሹ የጎረቤታችን ነው። ብቻዋን ስትሆን ሙዳይዋን ከፍታ፣ ሳትፈታቸው ቋጠሮዎቹን በተራ እያነሣች ልጇ የሄደችበትን ጊዜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትቆጥረው ኖሯል። ጌጥ ኖሮ አያውቅም። ደብዳቤ ነበር። ያንን ሁሉ እኔ ጉትቻ ከጉትቻ ብዬ ቀላቀልኩት።

ቀለበቱ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነበር። እህቴ የሄደች ማለዳ እኔ ደሴ ነበርኩ። ቀለበቷን ከጣቷ አውልቃ ለእናቴ ሰጠቻት። እናቴም፣ እህቴ ትታው ከምትሄደው ቀሚስ ጫፍ ቆርጣ እፊቷ ቋጠረችው። እህቴ ቋጠሮውን ወስዳ በራሷ እጅ ሁለቴ ደገመችበት። ስመለስ እኔው እፈታዋለሁ፣ እስከዚያ ማንም እንዳይነካው አለቻት። እናቴም በማርያም ስም ቃል ገባች። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ከፍ እንኳ አላለም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀለበቱን ላወልቀው ስል በጭንቀት ጣቴ አብጦ እንቢ አለኝ። በሳሙና አወጣሁት። ልሰጣት እጄን ብዘረጋ እጇን ሰበሰበች። እዚያ ሰፌዱ ላይ አስቀምጪው አለችኝ። እጄን ተጸየፈችው ብዬ አለቀስኩ።

ጧት ተነሥታ ወንፊቱን ከግድግዳው አወረደችው። ፀሐይ ላይ በርጩማዋን አውጥታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችውና ዙሪያውን በጣቷ እየዳሰሰች ማዞር ጀመረች። ለካ እኔ ለማሳመር የጠቀለልኩት ጨርቅ ሁሉ እዚያው ነው። አረንጓዴው ላይ ስትደርስ፣ ይቺ ምስር የምታክለዋ ጉትቻ ናት፣ የአቀስታዋ ሴት ናት ያመጣችልኝ፣ እህትሽ ከሄደች ስምንተኛ ወሯ ነበር አለች። እኔ ጉትቻዋን ከመንጠቆዋ አውርጄ ሰጠኋት። ጥቁሩ ላይ ብዙ ቆየች። አባቴ በሞተ ጊዜ የመጣውን አምባር አርባው እስኪወጣ ድረስ ሳትከፍተው መቆየቷን ነገረችኝ። ልጅቱ ግን ያኔ መሞቱን አልሰማችም ነበር፤ ደስ ይበልሽ ብላ ነው የላከችው። እኔ ያን አምባር ከቃጭሉ አልቦ ጋር በአንድ ጀሪካን ውስጥ ወርውሬው ነበር።

ስፌቱን እየፈታሁ ጨርቆቹን በጊዜያቸው ተራ መልሼ ሰፋሁ። ስቸኩል መርፌ ጣቴን ወጋኝ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለች እናቴ። ከመጣች ወዲህ የመጀመሪያዋ ቀልድ ናትና ደስ አለኝ። ወንፊቱንም እንደገና ደረደርነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከመጀመሪያው ዓመት እስከ መጨረሻው። አሁን አምባር ከጉትቻ አጠገብ ነው፣ ሰዓት ከጸጉር መያዣ አጠገብ። እኔን ዓይኔን ያመኛል፣ እሷ ግን ታነበዋለች።

ሁለት ነገሮች ቦታ አጡ። አንድ ቀጭን ሐብልና አንድ የጸጉር መያዣ። እናቴ አገላብጣ አየቻቸው፣ አሽትታቸዋለች ሁሉ። ማን እንዳመጣቸው፣ መቼ እንደመጡ አልመጣላትም። "እነዚህ ጠፉብኝ" አለች፤ እጇ ላይ እያሉ። ከመጨረሻው መንጠቆ ወዲያ ለብቻቸው ሰቀልናቸው።

በመጨረሻ ቀለበቱ ቀረ። የእህቴን ቀሚስ ሁለት ቁራጭ ከላይና ከታች ፈትቼ አውጥቼ አንድ ላይ ሰፋኋቸው። ሰፌዱን ከነቀለበቱ ወደ እናቴ ገፋሁላት። መልሳ ወደኔ ገፋችው።

"አንቺ ፈታሽው፣ አንቺው ቋጥሪው።"

ያንቺን ዓይነት መቋጠር አልችልም አልኳት። ቋጠርኩት። የጫማ ክር አስተሳሰር መሰለ። ሁለት ጊዜ ደገምኩበት። እናቴ ለማጥበቅ እንኳ ጣቷን አልሰነዘረችም። ከወንፊቱ መሃል ከፍ ካለው መንጠቆ ላይ አንጠለጠልኩት። ቋጥሪው ማለቷ ቅጣት ነው የመሰለኝ፣ ይሁን አልኩ፣ ይገባኛል። ወንፊቱንም በምንቀመጥበት ክፍል ግድግዳ ላይ መልሼ ሰቀልኩት።

ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ዕረፍት ግን አልተመለሰልኝም። እኔ በጠንቋይም በሟርትም የማላምን፣ በዚህ የምቀልድ ሰው ነኝ። ቢሆንም ሌሊትም ቀንም አንድ አሳብ ይዞኝ ዞረ፤ ያንን ቋጠሮ በመቀስ የቆረጥኩበት ሰዓት እህቴ ምን ሆና ነበር? መስኮቱ ላይ ሰው ቁጥር ሲነግረኝ ሁለቴ አስደግማለሁ። አንድ ቀን እኒያ የበረዶው ሽማግሌ ተመልሰው መጡ። አሁንም ቁጥራቸውን አልያዙም። ቀና ብለው እንኳ አያዩኝም። አባባ፣ በረዶው የጣለው በየትኛው ወር ነበር አልኳቸው። ደንግጠው ሰኔ ነው አሉኝ። የዚያን ዓመት የሰኔ መዝገብ አውርጄ ስገልጥ ስማቸውን አገኘሁት፤ ካርዱንም አወጣሁላቸው። መረቁኝ። ምርቃቱን ለእህቴ አስተላለፍኩት።

በታኅሣሥ አጋማሽ አንድ እሑድ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነጠላዋን ሳትቀይር ሞባይሏ ጠራ። የማይታወቅ ቁጥር ነው። አንስታ ሃሎ ከማለቷ ከወዲያ ማዶ ልቅሶ ተሰማ። የሷ ልቅሶ ነው፣ እህቴ ናት። እኔም ልስማ፣ ላውድ አድርጊው ብዬ ነጥቄ አደረግሁት። ድምፁ እየተቆራረጠ ነገረችን፤ አሠሪዎቿ ከተማ ቀይረው ይዘዋት ሄዱ፣ ስልኳን ወሰዱባት፣ ከቤት አያስወጧትም ነበር፣ አሁን ከዚያ ቤት ወጥታ አንዲት የደላንታ ልጅ ዘንድ ተጠግታለች። ጤናዋ ደህና ነው፣ ከስታለች፣ ስልኩ የልጅቱ ነው። እናቴ ተመስገን፣ ተመስገን ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም። እኔ ቆሜ ነው፣ መቀመጥ አልቻልኩም።

ከዚያ እህቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች።

"እማ፣ ቀለበቴን ፈታሽው እንዴ? ሞታለች ብለሽ ፈታሽው?"

እናቴን አውቃታለሁ፤ በጾም ሥጋና ወተት ብቻ አይደለም የምትጾመው፣ ውሸትም አብራ ትጾማለች። ከጾም ውጭም ውሸት አታውቅበትም። አሁን ልትነግራት ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"እኔ? በማርያም፣ እጄን አላሳረፍኩበትም ልጄ። ተቋጥሮ ከፊቴ ተሰቅሏል፣ ይኸው እያየሁት ነው። መጥተሽ ፍቺው።"

እህቴ ከወዲያ ማዶ ትንፋሿን ስትለቅ ሰማኋት። መቼ ነው የምትመጪው ልላት አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ደወልኩ፣ ደጋግሜ ደወልኩ፣ አይሠራም።

እናቴ ሞባይሉን መቀነቷ ውስጥ ከተተችና ቀና ብላ አየችኝ። ያኔ ነው ሁሉም የገባኝ። ቀለበቱን ከእጄ ያልተቀበለችው ተጸይፋኝ አልነበረም። ለመቋጠርም፣ ለማጥበቅም ጣቷን ያልሰነዘረችው ልትቀጣኝ አልነበረም። ልጇ አንድ ቀን ደውላ ይህን እንደምትጠይቃት ታውቅ ነበር። እኔ ሞታ ይሆን እያልኩ ጉብታ ለጉብታ ስሮጥ፣ እሷ ለጥያቄው መልስ እያዘጋጀች ነበር። እኔንም ከእህቴ ፊት ሸፈነችኝ፣ ራሷንም ከውሸት አዳነች። ምነው አልነገርሽኝም አልኳት። አንቺ አፍሽ እንደ እጅሽ ነው አለችኝ፤ ምሳ አቅርቢ።

ከዚያ ወዲህ እህቴ አንድ ጊዜ ደውላለች። ወረቀት እያስጨረስኩ ነው ብላለች፤ መቼ እንደሚያልቅ አታውቅም። ጎረቤታችን ለሱቋ ያዘዘችውን ወንፊት ሠርቼ ሰጥቻታለሁ፣ ከኛው ይልቅ ያምራል። የኛው ወንፊት አሁንም ግድግዳው ላይ ነው። እናቴ ጧት ጧት ከፊቱ ቆማ ከግራ ወደ ቀኝ ታየዋለች፣ ሁለቱ ቦታ ያጡት ጋ ስትደርስ ትንሽ ትቆያለች፣ ከዚያ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

ቋጠሮው መሃል ላይ ተንጠልጥሏል። በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር እጄ ወደዚያ ይሄዳል፤ በደንብ አልቋጠርኩትም፣ አንዱ ጫፍ ይረዝማል፣ ላስተካክለው ይመስለኛል። መልሼ እጄን በቀሚሴ ኪስ እከታለሁ። እናቴ የመለሰችውን መልስ እኔ መመለስ አልችልም። እህቴ ገና ስታየው የማን እጅ እንደቋጠረው ታውቃለች፣ የጨርቁንም ስፌት ታያለች። ትምጣና ትቆጣኝ።